ሚስቴ ቀድማኝ የሄደችበት ቅዳሜ

እኔ ብስክሌት የምወድ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ያነበበ ሁሉ «ይሄ ሽማግሌ ቡና መሃል እየተንሸራሸረ ዓለሙን ይቀጫል» እንዳይለኝ። ብስክሌት ላይ የምወጣው ስለምፈራ ነው። ሚስቴ ብቻዋን እንዳትሄድ ብዬ ነው።

ነገሩ የመጣው በስኳር በሽታ ነው። ገበያ መሃል ሽንኩርት እየመረጠች ተዘረረች። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ «እማማ፣ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ መንቀሳቀስ አለብዎት» አላት። እኔ መንቀሳቀስ ማለት ቤት መጥረግ መስሎኝ ነበር። እሷ ከእኅቷ ልጅ አሮጌ ሳይክል ተቀብላ መጣች። የሰፈራችን የጊንጆ ጉዱሩ ሰው በየበሩ ወጥቶ አያት። አንዷ ጎረቤታችን፣ አብራት የምትጸልይ፣ «ጌታ ይርዳሽ፣ ግን ቀሚስሽን ካቴናው እንዳይበላው» አለቻት። ባሏ እሷን ትቶ እኔን አየና ሳቀ። የሳቀበትን አውቃለሁ። ሚስቱን መግታት ያቃተው ማለቱ ነው። እሱ የራሱን ገትቶ ምን እንዳገኘ ግን አላየሁም።

ሜዳ ላይ ስትወድቅ ስትነሳ ለመደችው። ከለመደች በኋላ ከተማው ጠበባት። «ባጃጅ ያደነቁረኛል፤ ወደ ገጠር እንውጣ» አለች። «ለምን ጉዳይ?» አልኳት። «ለምንም።» እኔ በሕይወቴ ለምንም ብዬ የሄድኩበት መንገድ የለም። ከደቡብ ወደ ጅማ የመጣሁት ቡና ለቅሜ ልበላ ነው። ከዚያ መጋዘን ገባሁ፣ ወገቤ እስኪጎብጥ ጆንያ ተሸከምኩ። በጅማ ዙሪያ ደዶም፣ የቡም ሄጃለሁ፤ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ዛፉን ለማየት ብሎ የሚሄድ ሰው ፈረንጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ፍርሃቴን ያባሰው ማንበቤ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ማታ ትምህርት ቤት፣ ጉልበቴን ሕፃናት በሚቀመጡበት ዴስክ ስር አጥፌ ነው። ማንበብ ዓይን ይከፍታል ይላሉ። ከፈተብኝ። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚሆን የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል፤ ተራ ስንጠብቅ ቃል በቃል ለቀምኩት። ማላብ። መንቀጥቀጥ። መንገዳገድ። ራስን መሳት። ቀጥሎ ያለውን ቃል ጀመርኩትና ሳልጨርሰው ዓይኔን አነሳሁ። ሚስቴ ማንበብ አትችልም፤ እጇን አጣምራ ጣራውን ታያለች። ሐኪሙ «መንቀጥቀጥ ሲጀምራቸው ቶሎ ጣፋጭ ይስጧቸው» ስላለኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሴ ከረሜላ አያጣም። እሷ ግን አትይዝም። «በሽተኛ ነኝ ብዬ ቦርሳ ልሸከም?» ትላለች።

ያን ቅዳሜ በጠዋት ቂንጬ በልተን፣ እሷ በሳይክሏ እኔ በተዋስኩት ሳይክል፣ ወደ የቡ አቅጣጫ ወጣን። የመኪናውን መንገድ ትታ ቡና መሃል የሚገባ ኮረኮንች መረጠች፤ እኔ ተከተልኩ። ለቀማ ላይ ነው ያለው ሰው። በዋንዛው ጥላ ሥር ቡናው ቀልቷል፣ ቅርንጫፉ ሰው ሳይታይ ይርገፈገፋል፤ ውስጡ ሰው አለ ማለት ነው። ሰው ደስ ይለዋል ይህን ሲያይ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ውሻ አያለሁ። በለቀማ ጊዜ ቡና የሚጠብቅ ሰው ዱላውን ተደግፎ ሲነሳ አያለሁ፤ ጉዳይ የሌለው መንገደኛ ለሱ ሌባ ነው። ልክ ነው፣ እኔም አሁን ማታ ማታ ጥበቃ ነኝ፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማስበው።

አንድ ገበሬ ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ «ኤሳ ዴምቱ? ወዴት ናችሁ?» አለን።

«የትም» አለች ሚስቴ።

«የትም የሚባል አገር በዚህ በኩል የለም፣ እናቴ። ለቅሶ ነው?»

«ማን ሞተና?»

«ሰው ካልሞተማ ትልልቅ ሰዎችን በሳይክል ምን ያስወጣቸዋል?»

«እንዳንሞት ነው የወጣነው!» አለችው። ሰውዬው አጥሩን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እንዲህ ያለ ነገር አይባልም።

ጥቂት እንደሄድን ዳገቱ ላይ ካቴናዬ ወጣ። ወርጄ ጎንበስ አልኩ። «ቆይ» አልኳት።

«ከቆምኩ አልነሳም። ቀስ እያልኩ ልሂድ፤ ትደርስብኛለህ።»

«ቆይ ብያለሁ!»

«አንተ ደግሞ! የት እጠፋለሁ?» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ በመታጠፊያው ገባች።

ካቴናው ከጥርሱና ከብረቱ መሃል ተቀርቅሯል። ስስበው ይጠብቃል፣ ስተወው ይላላል። ላቤን በክንዴ ስጠርግ ፊቴን የካቴናውን ጥቁር ግራሶ እንደቀባሁት ኋላ ነው ያወቅኩት። እንደምንም ገባልኝ። እጄን ልጠርግ መሐረብ ስፈልግ ኪሴን ነካሁ። ከረሜላው። ሁሉም እኔ ጋ ነው። እሷ ምንም የላትም።

ያን ጊዜ የያዘኝን ፍርሃት እንዴት ብዬ ልጻፈው። ጆንያ ተሸክሜ መወጣጫ ጣውላ ሲሰበርብኝ አውቃለሁ። እሱ ቶሎ ያልፋል፤ ወይ ትወድቃለህ ወይ አትወድቅም። ይሄ አላልፍም አለ። ፔዳሉን ረገጥኩ። መታጠፊያውን ዞርኩ፤ የለችም። ሁለተኛውን ዞርኩ፤ የለችም። ስሟን ጠራሁ። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

ቅጠል የተሸከመ ሰው አገኘሁ። «ሳይክል የያዘች ሴት አልፋለች?»

«አዎ፣ አልፋለች። የጠጣች ናት እንዴ? ወዲያና ወዲህ ትላለች።»

መንገዳገድ። ቃሉ ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ ከነቀለሙ ፊቴ መጣ። ሰውዬውን ምን እንዳልኩት አላውቅም፤ የሰደብኩት ይመስለኛል።

ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ሳይክሏን አየሁ። ቦዩ ውስጥ በጎኗ ተጋድማለች። ሳይክሏ መቆሚያ የላትም፣ ሚስቴ ሁልጊዜም አጋድማት ነው የምትሄደው፤ በየቀኑ የማየውን ነገር በዚያች ሰዓት ረሳሁት። ከወዲያ በኩል ግቢ አለ፤ ከግቢው ውስጥ የሴቶች ጩኸት ወጣ። ለሞተ ሰው የሚጮህ ጩኸት። ሸራ ተወጥሯል፣ ሰው ተቀምጧል።

ሳይክሌን ወረወርኩት። ለሚስቴ ሸራ ማን ሊወጥር እንደሚችል፣ መቼ እንደወጠረው፣ ምንም አላሰብኩም። የፈራ ሰው እንዲህ አያስብም። እየጮህኩ ገባሁ። «ወየው! ወየው የኔ እመቤት!» አልኩ፤ ይህን ቃል በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ብያት አላውቅም።

ሰዎቹ ተነሱ። በዚያ አገር እያለቀሰ የገባ ሰው ማን ነህ አይባልም፤ ይያዛል። ሁለት ጎልማሶች በብብቴ ገቡ፣ ሰሌን ላይ አስቀመጡኝ። ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «ኦብሲ፣ ያ ኦቦሌሳ። ታገስ ወንድሜ። የአላህ ነገር ነው፤ ሰብር አድርግ» አሉኝ።

«የት ናት?» አልኳቸው።

«ሄደች። ወደማይቀረው ሄደች።»

«ልያት።»

«ከእንግዲህ አትታይም፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። መሬቱን በእጄ ደብድቤያለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለውን ለቅሶ አትወድም፤ ተስፋ የሌለው ሰው ለቅሶ ነው ይሉታል። በዚያች ሰዓት ተስፋ አልነበረኝም። ቤታችን ነው የታየኝ። መጋረጃውን የገፋሁት፣ ባዶውን አልጋ ያየሁት፣ ሳይክሏን ግድግዳው ላይ የሰቀልኳት ሁሉ ታየኝ፤ ሁሉንም እዚያው ሰሌን ላይ ጨረስኩት።

ሽማግሌው ሊያጽናኑኝ ቀጠሉ። «ከሩቅ መጣህ መሰለኝ። ቀብሩ ላይ አለመድረስህ አይቆጭህ። ጠዋት፣ በደንብ ቀበርናት።»

«ጠዋት?» አልኩ።

«ጠዋት። ፀሐይ ሳይበረታ።»

ጠዋት ሚስቴ ቂንጬ እያማሰለች እኔን ቅቤ አበዛህ ስትለኝ ነበር። ቀና አልኩ። «አባቴ፣ ማንን ነው የቀበራችሁት? እኔ የምለው ሚስቴን ነው።»

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ሚስቴን አልክ?» አሉኝ። «የሞተችው የኔ ሚስት ናት።»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ ተነሳ። ኋላ ሳውቅ የሟቿ ልጅ ነው። ይመታኛል ብዬ አልፈራሁም፤ ፍርሃቴ ሁሉ አንድ ቦታ ነበር። ተንተባተብኩ። ሚስቴ ስኳር እንዳለባት፣ ሳይክሏን በራቸው ላይ ወድቃ እንዳየሁ ነገርኳቸው። ሽማግሌው «እ፣ የሳይክሏ ሴትዮ!» አሉ። «ሴቶቹ ጋ ገብታለች መሰለኝ።»

«መሰለኝ» ይሉኛል! ልሩጥ ብነሳ ያዙኝ። የሴቶች ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው፤ ወንድ ዘሎ አይገባም። ሻይ የምታድል ሴት ተላከችልኝ። ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ገባች። ቆየች። በሩን እያየሁ ጸለይኩ፤ ማን እንደሰማኝ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እንጃ። አንድ ሴት ወጣች፤ እሷ አይደለችም። ሌላ ወጣች፤ እሷም አይደለችም።

ሦስተኛዋ እሷ ነበረች። ብርጭቆ ይዛለች።

«ምን ሆነህ ነው? ፊትህን ምን ቀባው?» አለች።

እጇን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ከረሜላውን ከኪሴ አውጥቼ ሁሉንም ጭኗ ላይ ዘረገፍኩት፤ ሰው እያየ። የሟቿ ልጅ ፊቱን አዞረ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላየሁም። ዱዓ እስኪደረግ ተቀመጥን፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ተነስቶ መሄድ ነውር ነው። ስንወጣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አዛውንት እጄን ያዙና «ልጆቿም እንዳንተ አላለቀሱላት። አላህ ይስጥህ» አሉኝ። ምን ይባላል? «አሜን» አልኩ።

ሳይክሎቹን እየገፋን ዳገቱን ጀመርን።

«አለቀስክ አሉኝ» አለች።

«አላለቀስኩም። ጭስ ነው።»

«እሳቱ እኮ ጓሮ ነበር።»

ትንሽ ሄዳ ቆመች። «እውነቱን ልንገርህ፣ አትቆጣ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንገዱ ሁለት ሆነብኝ። ሸራውን ሳይ ሻይ አይጠፋም ብዬ ነው የገባሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሟቿን ማን እንደሆነች እንኳ ሳልጠይቅ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁባቸው። ስኳር ያበዛሉ።»

ያን ሁሉ ያለቀስኩት በከንቱ ነው ብዬ ማፈር ጀምሬ ነበር። በከንቱ አልነበረም። ያ ቤት መንገድ ላይ ባይኖር፣ ያቺ ሴትዮ በዚያ ቀን ባትቀበር… አልጨረስኩትም። «በቃ» አልኳት። «ሁለተኛ አንወጣም። ሳይክልሽን እሸጠዋለሁ።»

«ሽጠው። ቤት ብወድቅስ ማን ያየኛል? አንተ ማታ ማታ ጥበቃ ነህ። ጎህ ሲቀድ መጥተህ ነው የምታገኘኝ። እዚህ ቢያንስ ሰው አለ።»

የተናገረችው ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ነው ያስፈራኝ። እስከዚያ ቀን መንገዱን እየፈራሁ ቤቴን አምኜ እተኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቤቴንም ፈራሁት። የዚያን ቅዳሜ ሌሊት ከጥበቃ ስንት ጊዜ ወደ ቤት ሮጬ እንደተመለስኩ አልጽፍም።

ዳገቱ አለቀ። ከረሜላ ጉንጯ ውስጥ ከታ ቁልቁለቱን ልትጀምር እግሯን አነሳች። «እኔ ልቅደም» ብላት፣ «አንተ ከቀደምክ ዞር ዞር እያልክ ገደል ትገባለህ» አለችና ለቀቀችው። ፍሬን አልያዘችም። ከኋላዋ ፍሬን እየያዝኩ ወረድኩ። መታጠፊያው ሲጋርዳት ጮህኩ፦

«አለሽ?»

«አለሁ!»

ቀጣዩ መታጠፊያ ላይም ጠራሁ፤ መለሰች። ቡና የሚለቅሙት ሰዎች ሰምተው «አለች፣ አለች!» እያሉ ከዛፉ ውስጥ ይመልሱልኝ ጀመር፣ እየሳቁ። ይሳቁ። ታች አንድ ድልድይ ዘንድ ስደርስ ጠራሁ፤ መልስ የለም። እንደገና ጠራሁ።

«ምን ሆነሃል፣ አፌ ውስጥ ከረሜላ አለ!» አለች።