የሜይ ፍሬና የአስካለች ቅቤ

ኤርጎጌ ደቡብ አፍሪካ፣ አይቮሪ ፓርክ የተባለ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የመንደር ሱቅ ከፍታ አሥራ አንድ ዓመት ስትነግድ የዳቦ መኪና አንድ ቀን እንኳ አምልጧት አያውቅም። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክላክስ ሲነፋ እሷ በሩን ከፍታ ቆማለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የዳቦ ሳጥኑንም የምታስገባው ራሷ ናት። «ስፓዛ በጀርባ ነው እንጂ በብር አይቆምም» ትላለች፤ ጀርባዋን ታምነው ነበር።

በጁላይ 2021 ሦስተኛው ዙር ኮሮና ሰፈሩን ሲያዳርስ እሷንም ጣላት። ሳሉ በሦስት ሳምንት ለቀቃት፤ ክብደቱ ግን አልለቀቃትም። ሰውነቷ ውኃ የጠጣ ጋቢ ሆነ። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አላት፣ ሆዷ ሳትበላ ይነፋል፣ ምላሷ ላይ ወፍራም ነጭ ነገር ተጋገረ። ክሊኒክ ሄዳ ደሟንም ልቧንም ሳንባዋንም አዩላት። «ክፉ ነገር የለብሽም፤ ጊዜ ይፈልጋል» አሏት። እሷ ደግሞ ሁሉም ነገር ቢኖራት ጊዜ አልነበራትም።

የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ዱካሞ ወሬውን ሰምቶ ካትሌሆንግ በሚባል ሌላ ሰፈር ካለው ሱቁ መጣ። በሱቋ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሸጥ አገኛት።

«እትዬ፣ ይብቃሽ። አገር ቤት ግቢና እረፊ። ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ።»

«የካትሌሆንጉን እንደያዝከው ነው? ሁለት ሠራተኛ አቁመህ፣ አንተ ስልክ ላይ?»

«እኔ ስለ ነፍስሽ ነው የማወራው! ዳቦውን ጎረቤት ነው አሉ የሚያስገባልሽ።»

ይህ እውነት ነበር። ኤርጎጌ፣ «እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ስጠኝ» አለችው። «ሳምንት ሙሉ ያለ ረዳት ዳቦዬን ካላስገባሁ የሱቁን ቁልፍ ከእጄ ውሰድ።» ዱካሞ በቸርቻቸው ሽማግሌዎች ፊት አስደገማት። እሷም አንድ ቃል ሳትቀንስ ደገመችው።

በዚያው ሳምንት ዕቃ ልታመጣ ከተማ ወረደች። ብርድ ልብስና ባልዲ በጅምላ የምትሸጥላት ቻይናዊት ሜይ ትባላለች፤ የዘጠኝ ዓመት ደንበኛዋ ናት። የሁለቱም እንግሊዝኛ ስብርብር ነው፤ ግን በዋጋ ሲከራከሩ ተግባብተው ያልጨረሱበት ቀን የለም። የዚያን ቀን ኤርጎጌ ሳትከራከር ከፈለች። ሜይ ደነገጠች።

«ምላስሽን አሳዪኝ» አለቻት ከላስቲክ መጋረጃው ጀርባ።

«ማስክ አውልቄ? ፖሊስ ልታስጠሪብኝ ነው?»

«ቶሎ አውጪና መልሺው!»

ኤርጎጌ ምላሷን አወጣች። ሜይ አንገቷን ነቀነቀች። «ርጥበት ነው። ውስጥሽ ርጥበት ሞልቷል።»

«በዚህ ከንፈር በሚሰነጥቅ ብርድ? ዝናብ ካየን ስንት ወራችን!»

«ከሰማይ አይደለም፤ ከሆድ ነው። እናቴ፣ ‹ሆድ ድስት ነው፤ እሳቱ ሲደክም የገባው ሁሉ ውኃ ሆኖ ይተኛል› ትል ነበር። ምሳሽ ምንድን ነው?»

«የጎረቤቴ የጎጎ ቦምቦሊኖ። በኮካ። ከፍሪጅ።»

ሜይ በቻይንኛ አንድ ነገር ጮኸች፤ ትርጉም አላስፈለገውም። ከጓዳዋ ሁለት ከረጢት አወጣች፦ አንዱ ጥቃቅን ቀይ ባቄላ፣ ሌላው ገብስ የመሰለ፣ ከገብስ ግን የሚወፍር ነጭ ፍሬ። «ሌሊቱን ዘፍዝፊ፣ አብረሽ ቀቅዪ፣ ዝንጅብል ጨምሪ። ፍሬው ሲያልቅብሽ ገብስ ቆልተሽ አፍልተሽ ጠጪ። ቀዝቃዛ የለም። ስኳር የለም። ጥብስ የለም። ወተት የለም። ሙቅ ሙቁን፣ ጥቂት ጥቂቱን። የክሊኒክ ቀጠሮሽንም እንዳትተዪ።»

ኤርጎጌ ትእዛዝ በሥርዓት የምትፈጽም ሰው ናት። የሻማ ካርቶን ቀድዳ ሁሉንም ጻፈችና ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ኮካው ለደንበኛ ብቻ ሆነ። ጎጎ፣ «ማይ ሲስተር፣ ተጣላን እንዴ?» ብላ እስክትጠይቅ ድረስ ቦምቦሊኖውም ቀረ። ፍሬው በየማታው ተዘፈዘፈ፣ በየጠዋቱ ተቀቀለ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ኤርጎጌ የተቀቀለውን በዕቃ ይዛ ወደ ሜይ ተመለሰች። «ፍሬሽ የማይረባ ነው» ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ሜይ ክዳኑን ከፈተች። ላዩ ላይ ጣት የሚያህል ቢጫ ቅባት ተንጣሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነዋ!»

«ወተት የለም አላልኩሽም?»

«ቅቤ ወተት ነው እንዴ? ቅቤ መድኃኒት ነው!»

ሜይ ወንበሯ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ኤርጎጌ ግን የምሯን ነበር። እሷ ባደገችበት ሀድያ አራስም፣ ስብራትም፣ ሳልም በቅቤ ነው የሚታከመው። ከታመመች ጀምሮ የቸርች እህቷ አስካለች በየእሑዱ አተካና ሠርታ፣ ቡላውን በቅቤ አሽታ ታመጣላታለች፤ ስትሄድም የቅቤ ማሰሮ ትታላት ነው። ካርቶኑ ላይ «ቅቤ የለም» የሚል አልተጻፈም።

«ርጥበትሽ ይኸውልሽ» አለች ሜይ እንባዋን እየጠረገች። «በማንኪያ እየጨመርሽው!»

ኤርጎጌ ወደ ቤት ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ያሰበችው ስለ ሆዷ አልነበረም፤ ስለ አስካለች ነበር። ኮካን መተው ቀላል ነው፤ ኮካ አይቀየምም።

እሑድ አስካለች ድስቷን ይዛ ገባች። ኤርጎጌ እውነቱን ነገረቻት።

«ቅቤ አልፈልግም አልሽ?» አስካለች ድስቷን ሳታስቀምጥ ቆመች። «ቅቤ እምቢ ያለ ሀድያ ዛሬ ገና አየሁ! ቻይና ናት ያስተማረችሽ?»

«አልፈልግም አልወጣኝም። አፌ ነው የማይፈልገው።» ኤርጎጌ ሻሿን ፈታ ወንበር ሳበችና ጀርባዋን ሰጠቻት። «አናቴ ግን ደርቋል። ነይ፣ ቀቢኝ።»

አስካለች ድስቷን አስቀመጠች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። ማሰሮው አልተመለሰም፣ ወዳጅነቱም አልተነካም፤ አተካናውን ጎጎና ልጆቿ ጠረጉት።

ከዚያ ወዲያ ፍሬው ያለ ቅቤ ተበላ። በአሥረኛው ቀን ጫማዋ ገባላት። በሦስተኛው ሳምንት ምላሷ ቀላ፣ ጧት ስትነሳም ጭንቅላቷ ቀለላት። ፍሬው ይሁን፣ ቅቤና ኮካው መቅረቱ ይሁን፣ ክሊኒኩ ያለው ጊዜ ይሁን፣ ኤርጎጌ አልመረመረችም። የሠራላትን ዕቃ የማትቀይር ነጋዴ ናት። መጀመሪያ በየሁለት ሳጥኑ እያረፈች፣ ቀጥሎም ሳታርፍ፣ ዳቦዋን ራሷ ማስገባት ጀመረች።

የሴፕቴምበር የመጨረሻ ቀን ዱካሞ ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ክላክስ ተነፋ። ኤርጎጌ ወጣች፣ ሳጥኑን ቆጠረች፣ የመጀመሪያውን አንስታ ወደ በሩ መጣች። ዱካሞ አፍንጫውን ነፋ አደረገ።

«እትዬ፣ ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ። ብሶብሽ ነው እንዴ?»

«ቢብስብኝማ እበላው ነበር። ይኸው ዘጠነኛ ቀኔ ነው፤ ሹፌሩን ጠይቀው። ከበሩ ዞር በል!»

ሹፌሩ ከመኪናው ላይ ሆኖ ዘጠኝ ጣት አሳየው። ዱካሞ ዞር አለላት። የመጨረሻው ሳጥን እስኪገባ ቁልፉ ከወገቧ ላይ ሲንቃጨል እያዳመጠ ቆየ፤ እጁን ግን ወደ ቁልፉ አልዘረጋም። ከዚያ ገብቶ ፍሪጁን ከፈተና እጁን ወደ ኮካው ሰደደ።

«እሱ ለደንበኛ ነው» አለችው ኤርጎጌ፣ የፈላ የገብስ ውኃ በብርጭቆ እየቀዳችለት። «መጀመሪያ ግን ምላስህን አሳየኝ።»