በጀሶ የሠራኋት ፈረንሳይ

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኔ ግን ያላየሁትን አገር በጀሶ ሠርቻለሁ፤ ያውም እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ልጄ በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። እሷና ጓደኞቿ ፈረንሳይኛ የሚማሩበት አንድ ክፍል የፈረንሳይን ባህልና የሕንፃ ጥበብ እንዲያሳይ ታስቦ ሲታደስ፣ የጀሶው ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። የምኖርበት የባልባላ ሰፈር ጎረቤቶቼ ከሚኒባስ ስወርድ ባዩኝ ቁጥር "ሙሴ ጀሶ መጡ!" እያሉ በፈረንጅ ማዕረግ ይቀልዱብኝ ነበር። ይበሉ፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ዓምዶቹን፣ የጣራውን አበባ፣ የመስኮቶቹን ቅስት ከንድፉ እያየሁ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። እጄን አላማውም። ግራ ያጋባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊት ለፊት ግድግዳው መሃል፣ ዙሪያውን ጌጥ የተደረገለት ባዶ ጎድጓዳ። ምን ሊሆን ነው? በኋላ ገባኝ አልኩ። እኔ ባደግኩበት ሐረር፣ ያማሩ ሳህኖች የሚደረደሩት ግድግዳ ውስጥ በተሠራ እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ለካ ፈረንሳዮቹም እንደኛው ናቸው ብዬ፣ መደርደሪያ አበጅቼ አሳምሬ ለሰንኩት።

ክፍሉ ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ፈረንሳዊቷ አስተማሪ ልጄን አስከትለው መጡ። ዓምዶቹን በመዳፋቸው እየዳበሱ ሄደው፣ መደርደሪያው ፊት ቆሙና አንድ ነገር ተናገሩ። የኔ ፈረንሳይኛ ከሲሚንቶና ከመሰላል አያልፍም። ልጄ ቀስ ብላ፣ "አባ፣ እሳት ማንደጃ ነበር አሉ። ቤት የሚያሞቁበት" አለችኝ።

"በዚህ ሙቀት? ወላሂ አብደዋል!"

ሳቄ ወዲያው ጠፋ። ልጄን በገዛ ክፍሏ፣ በጓደኞቿ ፊት መሳቂያ ላደርጋት ነው። አፈርኩ። መዶሻዬን አነሳሁና "ዛሬውኑ አፈርሰዋለሁ በያቸው" አልኳት።

አልተረጎመችም። መዶሻውን ከእጄ ተቀብላ መሬት አስቀመጠችና በዚያ በሚንቆረቆር ፈረንሳይኛዋ ብዙ ተናገረች። ሐረር ስትል ሰማሁ። አስተማሪዋ ሳያቋርጡ አዳመጧት፤ ከዚያ ከቦርሳቸው መጻሕፍት አውጥተው መደርደሪያው ላይ ደረደሩ።

"ምን አልሻቸው?"

"እኛ ቤት ግድግዳ ውስጥ የሚቀመጠው የምንኮራበት ዕቃ ነው አልኳቸው። ትምህርት የሚጀመር ቀን ይህንኑ ለክፍሉ አስረጂ አሉኝ።"

ትምህርት የተጀመረ ቀን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳመጥኳት። ከተናገረችው ሁሉ የገባኝ "ሞን ፔር" የሚለው ብቻ ነበር፤ አባቴ ማለት ነው። ደጋግማ አለችው።