ተሳፋሪ እያየሁ የቀባሁት ካርታ

ከጎረቤታችን ከኦክላሆማ አልፌ ሳልሄድ፣ የአሜሪካን ሕዝብ ጠባይ ስቴት በስቴት በካርታ ያስቀመጥኩ እኔ ነኝ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ።

ሥራዬ ኤርፖርት ታክሲ መንዳት ነበር። ጂኦግራፊ ያስተማረኝ ተሳፋሪ ነው። ሰው ሲገባ «ከየት ነህ?» እላለሁ፤ ቤቴ ስገባ የሰውየውን ስቴት በከለር እቀባለሁ። ያጫወተኝ አረንጓዴ፣ በሩን ድርግም አድርጎ የዘጋ ቢጫ፣ የተኮሳተረ ቀይ። ለአንድ ስቴት አንድ ሰው! ማለቴ፣ ኦሃዮ በሙሉ ቢጫ የሆነችው በአንድ ሰውዬ ነው። ግን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ስታዩት ያምር ነበር።

እኔ በምኖርባት በጋርላንድ ከተማ ያለን ሀበሾች ደግሞ ልማድ አለን። አዲስ ሰው ሲመጣ እንኳን ደህና መጣህ ልንል እንሰበሰብና የትኛው ስቴት እንደሚሻለው ሁሉም ይመክራል። ሌላው በአፉ ነው፣ እኔ በካርታ። ማን ይችለኛል?

አንዴ ከኔ በታች ያለው አፓርትመንት በዲቪ ሎተሪ የመጣች ሴት ገባች። ታላቅ እህቷ ሚኒሶታ ሆና፣ ክፍል አዘጋጅታ፣ ሥራ ፈልጋላት፣ ነይ እያለቻት ነው። ከተለያዩ ዘመን ሆኗቸዋል።

እኔ ሳሎን ተሰብስበን እንኳን ደህና መጣሽ ስንላት፣ «ጋሼ፣ ሚኒሶታ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ቀይ!» አልኳት ግድግዳውን እየጠቆምኩ። «እዚያ ሰላም የሚልሽ የለም። በረዶው ሰውን ልቡ ድረስ ነው የሚያደርቀው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ካርታው ነዋ የሚለው!»

ቤቱ በሳቅ አለቀ። እሷ ግን የምሯን ኖሯል። እዚሁ ዌርሃውስ ሥራ ገባች፣ የአፓርትመንቱንም የዓመት ኪራይ ሊዝ ፈረመች።

ከወራት በኋላ ከኤርፖርት አንዲት ሀበሻ ጫንኩ፤ ከሚኒሶታ ነኝ አለች። ጨዋታዋ! ከቦርሳዋ ቆሎ እየዘገነች ትሰጠኛለች።

«ጋርላንድ ምን አመጣሽ?»

«እህቴን ልወስድ። አንድ ቀልማዳ ሰውዬ ካርታ አሳይቶ አስቀረብኝ።»

ቆሎውን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት። አፓርትመንቱ ጋ ፓርክ አድርጌ ሻንጣዋን ሳወርድ፣ «ሰውዬው እኔ ነኝ» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሚኒሶታ ሄደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ማንን አይተህ ነው?»

«አንድ የተኮሳተረ ሰው።»

«አንድ? በል እንግዲህ፣ እኔንም አይተኸኛል። ምን ልትቀባኝ ነው?»

ሻንጣዋን አንስቼ ወደ እህቷ በር መራኋት።

ታናሽየዋ አልሄደችም። ሊዙ አለ፣ ሥራውንም ለምዳለች። ኋላም አግብታ እዚሁ አጠገባችን ሳክሲ ከተማ ቤት ገዛች፣ ደልቷታል። «ታዲያ ውለታ ነው የዋልክላት» ይሉኛል። ኦኬ፣ ለሷ ይሁን። ታላቅየዋን ግን ብቻዋን ወደ ኤርፖርት የመለስኳት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ለእህቷ ክፍል ያሰፋችውን መጋረጃ ነገረችኝ፤ አበባ አለው አለች። ካርታውንስ ቀደድኩት። መጋረጃውን ምን ላድርገው?

ውሸት ከመሰላችሁ ሳክሲ ሂዱና ታናሽየዋን ጠይቁ፤ እየሳቀች ትነግራችኋለች። ወንድ የሆነ ደግሞ ሚኒሶታ ይደውልና ታላቅየዋን ይጠይቅ።