አባቴ ሰበብ ያልጨመረበት ቀን

አባቴ ዲላ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ችሎት የሚሰማው አማርኛ ብቻ ስለነበር፣ ከየተራራው የሚወርደው ገበሬ ጉዳዩን በጌዴኦኛ ለአባቴ ይነግራል፤ አባቴ ለዳኛው ያሰማል። ችሎት በሚውልበት ቀን ጠዋት ደጃችን በባለጉዳይ ይሞላል። አንዱ ቆጮ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ሙዝ። አባቴ ስጦታ አይቀበልም ነበር ብዬ አልዋሽም። ሙዙን የምንጨርሰው እኛ ልጆቹ ነበርን።

ያንን ጊዜ ሳነሳ የሚቆጡኝ አሉ። ጭሰኛ የሚገፋበት ዘመን ምኑ ይናፍቃል ይሉኛል። የናፈቀኝ ዘመኑ አይደለም። የናፈቀኝ አባቴ ራት ላይ የዕለቱን ክርክር በሁለት ቋንቋ እየደገመ፣ የዳኛውን ሳል ሳይቀር እያስመሰለ እናቴን የሚያስቅበት ድምፅ ነው። ቡና ሲደርስ ከተማው በሙሉ የሚሸተው የቡና ገለባ ነው። ወደ ሞያሌ የሚያልፍ መኪና ቆመ ሲባል ደብተራችንን እንደያዝን የምንሮጠው ሩጫ ነው። ይህን መናፈቅ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ጓሯችን ባለችው ክፍል አንድ ወጣት መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከሰሜን ነው የመጣው። እናቴ ሰው ብቻውን አይበላም ብላ ከእኛ ጋር ታስቀምጠዋለች። መጀመሪያ ቆጮውን በሁለት ጣት እየቆነጠረ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ግን ምሳ ሲዘገይ ወደ ጓዳ ብቅ ብሎ የሚጠይቅ ሆነ። ጌዴኦኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ ወደ ተወለደባት መንደር ሽቅብ ሲወጣ እኔና መምህሩ እንከተለዋለን። መንገዱ በእንሰትና በቡና መሃል ነው፤ ዝናብ ከጣለ አባቴ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዛል። መንደሩ ስንደርስ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሶንጎ አለ፤ ሰው ተጣልቶ የሚታረቅበት፣ አጥፍቶ የሚናገርበት ቦታ ነው። ሴት ስለማትቀመጥበት እኔ ከዳር ሆኜ አያለሁ።

አንድ እሑድ የተከሰሰው አባቴ ራሱ ነበር። ከሳሹ የዚያው መንደር ገበሬ ነው። ባለርስቱ ከሶት በነበረ ጊዜ ገበሬው ችሎት ቆሞ ብዙ ተናግሯል፤ መሬቱ የአባቶቼ ነው፣ አንተ ትናንት የመጣህ ነህ ብሏል። አባቴ ግን ለዳኛው ያሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምሕረት ይለምናል። ሙሉውን ቢያሰማ ገበሬው በስድብ ይታሰራል ብሎ ፈርቶ ነው። ገበሬው አልታሰረም፤ ግን ቡናውን ተነጠቀ።

ሶንጎው ላይ ገበሬው አፌን ሰረቅኸኝ አለው። አባቴ ተነስቶ ኮፍያውን አወለቀና አዎ፣ አሳጥሬዋለሁ፣ አጥፍቻለሁ አለ። ስለ ፍርሃቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሁለቱ ከአንድ ቅጠል ላይ አብረው በሉ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው በየገበያው ቀን ቤታችን ሳይገባ አያልፍም ነበር።

ስንመለስ መምህሩ ለምን ምክንያቱን እንዳልተናገረ አባቴን ጠየቀው። አባቴ አጥፊ ሰበብ ከጨመረ ገና አልጨረሰም ማለት ነው አለው። እውነቱን ብቻ የተናገረ ሰው ከዚያ ተነስቶ ቤቱ ይገባል። መምህሩ ይህን በማስታወሻው ሲጽፍ እጁን አይቻለሁ።

አብዮቱ ሲመጣ መምህሩ የቀበሌው አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። የአንድ ቡና ነጋዴ የነበረ መጋዘን አዳራሽ ተደርጎ በየእሑዱ ሰው የሚጋለጥበት ሆነ። የአባቴ ተራ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው መምህሩ ቅዳሜ ምሳ ላይ እንደ ወትሮው መጥቶ በላ። እጁን ከታጠበ በኋላ ለአባቴ እንዲህ አለው፦

«ጋሼ፣ ነገን እንደ ሶንጎው ያስቡት። ሰበብ አይጨምሩ። ሕዝብ እውነቱን ለተናገረ ይምራል።»

እናቴ አመሰገነችው። እንጀራዋን በልቶ የሚከዳት ሰው አይታ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቷል። ከላይ የመጣ ካድሬ ጠረጴዛው ጋ ከመምህሩ ጎን ተቀምጧል። አባቴ ተነሳ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«በችሎት የሰው ቃል አሳጥሬያለሁ። ሰውየው ቡናውን አጥቷል። ጥፋተኛ ነኝ።»

ከዚያ ቆመ። እኔ የሚጠብቀውን አውቄያለሁ፤ ምርቃት ነበር የሚጠብቀው። ካድሬው ጻፈ።

ገበሬው ከኋላ ተነሳ። አማርኛ ስለማይችል በጌዴኦኛ ተናገረ። ይህ ነገር ያለቀ ነው፣ አብረን በልተናል፣ ለኔ ፈርቶ ነው ያደረገው፣ እኔ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም አለ። የአባቴን ሰበብ የተናገረለት የተበደለው ሰው ራሱ ነበር። ካድሬው ምን አለ ብሎ ወደ መምህሩ ዞረ።

«ተበድያለሁ ነው የሚለው» አለ መምህሩ።

አባቴ ቀና ብሎ አየው። ዕድሜውን በሙሉ የሰው ቃል ሲያሻግር የኖረ ሰው ነው፤ ምን እንደተደረገ ከማንም በፊት ገባው። ያን ጊዜም ቢሆን ሊያርመው ይችል ነበር። ሊያርመው አፉን ሲከፍት መፈክሩ ተጀመረ። እኔስ? እኔም ሁለቱን ቋንቋ አውቃለሁ፣ ሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ነበር። ፈራሁ። የሚጠይቀኝ ካለ ከዚህ ሌላ መልስ የለኝም።

ሊወስዱት ሲያወጡት በገበሬው አጠገብ አለፈ። አንድ ነገር አለው፤ ሰምቻለሁ። ወደ አማርኛ አልመልሰውም።

እናቴ በየሳምንቱ ስንቅ ቋጥራ ወደ እስር ቤቱ ትሄድ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ የሚሸከምላት ገበሬው ነው። አንድ ቀን በር ላይ የነበረው ጠባቂ ሁለተኛ አታምጪ አላት። ማልቀስ እንኳ የሚከለከልበት ጊዜ ነበር። ገበሬው ግን ስንቁ የተጠቀለለበትን ቅጠል ይዞ ወደ መንደሩ ወጣና ሶንጎው ላይ ቆሞ ለአባቴ እንደ ወንድም አለቀሰ፤ ሽማግሌዎቹም አልከለከሉትም።

መምህሩ ጓሯችን ያለችውን ክፍል አልለቀቀም፤ ትርፍ ቤት ተብላ ከእኛ ተወስዳ ስለነበር ማስወጣት አንችልም። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደሩ ይላል፤ እናቴ ትመልሳለች፣ ባትመልስ ምን እንደሚመጣ ታውቃለችና። አሁን አርጅቶ በአንድ ከተማ ይኖራል። ቋንቋው ያኔ በደንብ አልገባኝም ነበር እያለ ያወራል አሉ። ባለፈው ዓመት ሰው ልኮ ይቅርታ አስጠይቆኛል። መልእክተኛው ያመጣው ሙሉውን ሰበብ ነበር፦ ዘመኑን፣ ካድሬውን፣ ወጣትነቱን። እስኪጨርስ ሰማሁትና ሻይ ሰጥቼ ሸኘሁት። ለላኪው ምንም አልላክሁም።