የዛገው ብሎን

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው ነገር የስፒከር ሽቦ ማሰር ነበር። እሑድ ጠዋት ነው። አልጋው ላይ ተደግፎ የሽቦውን ጫፍ ያዘልኝ፤ እኔ በካቻቢቴ ብሎኑን አዞርኩ። የዛገ ስለሆነ ሲዞር ሲጥ ይላል። ድሮም እንዲሁ ነበር።

በደርግ ጊዜ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ቴፕ ይጠግን ነበር። ኮቱ ሁልጊዜ ሽቦ የሚበየድበት የቀለጠ እስታኞ ይሸታል። እንጀራችን ጆሮው ነበር፤ ሰው ከሩቅ ሰፈር ድረስ ቴፑን ተሸክሞ የሚመጣው «እሱ ሰምቶ ያውቃል» እየተባለ ነው። አንድ መርከበኛ ደንበኛ አውራ ጣት የሚያህል የስፒከር ሽቦ ከአሰብ አመጣለት። ከዚያ ወዲያ ለመጣው ሁሉ «በዚህ ሲሰማ ድምፁ ይጠራል» ይል ጀመር።

ጎረቤታችን መምህሩ ሳቀበት። «ሽቦ ሽቦ ነው ወዳጄ! ዓይንህን ታስረህ ለይ። ካቃተህ ለሰፈሩ እለፍፍልሃለሁ።»

«እሰረኝ!» አለ ባለቤቴ።

እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ ጎረቤቱ ቤታችን ሞላ። ዓይኑን በነጠላዬ አሰሩት። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ወፍራሙንና ቀጭኑን ሽቦ እንደፈለግሁ እያቀያየርኩ፣ በየተራው ያሰርኩትን እንድጽፍ ተባለ። «እሷ ውሸት አታውቅም» አለ መምህሩ።

ወፍራሙን ፈትቼ ቀጭኑን አሰርኩ። ባለቤቴ «ቀጭኑ» አለ። ልክ ነበር። በሁለተኛው ተራ ግን ቀጭኑን ሳልፈታ የወፍራሙን ጫፍ ሳየው ተበታትኗል፤ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ካቻቢቴውን የስፒከሩ ሳጥን ላይ አንኳኳሁና «ቀይሬያለሁ» አልኩ።

«ወፍራሙ» አለ።

እስከ መጨረሻው፣ እስከ ስድስተኛው ተራ ድረስ ቀጭኑ አልተፈታም። እሱ ያለውን እየተከተልኩ ጻፍኩ።

መምህሩ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። «ይሄስ የሰው ጆሮ አይደለም፣ የውሻ ነው!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ ቀን በኋላ ባለቤቴ ስለ ወፍራሙ ሽቦ ተናግሮ አያውቅም። መምህሩን ላለማሳፈር መስሎኝ ነበር።

ያቺ የመጨረሻዋ እሑድ፣ ብሎኑ ሲጥ ሲል ፈገግ አለ።

«ያን ቀን በመጀመሪያው ተራ ብቻ ነው ሲጥ ያለው።»

ክው አልኩ። «ታዲያ ለምን ወፍራሙ ነው አልክ?»

«ቀይሬያለሁ ብለሻላ። በሰው ፊት ላጋልጥሽ?»

«የሽቦዎቹ ልዩነትስ? ነበረ?»

«እኔ እንጃ። አልተፈተንኩም እኮ።»

ሐሙስ ዐረፈ።

አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም ብቻዬን እኖራለሁ። ወፍራሙ ሽቦ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሑድ ጠዋት ቴፑን በቀጭኑ እከፍታለሁ።