ዶክተር ምናልባት

የጥርስና የመንጋጋ ራጅ ማንበብ ሥራው የሆነ አንድ ሐኪም ነበር። ሆስፒታሉ በሙሉ «ዶክተር ምናልባት» ይለዋል፤ እሱ ሲያልፍ ብቻ «ምናልባት»ን ዋጥ አድርገው «ዶክተር» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ጠላት አይደለም፣ የገዛ ብዕሩ ነው። ጥርሱ ለሁለት መሰንጠቁን ሕፃን እንኳ የሚያየው ሆኖ ሳለ፣ እሱ «ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ ከሕመምተኛው ምልክት ጋር ይመሳከር» ብሎ ይፈርማል። በቃ! ይሄን ለማለት ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት የተማረው።

ሲጀምር እንዲህ አልነበረም ይባላል። ገና ጥርስ ነቃይ ሳለ አንዱን ሰውዬ «አያምህም» ቢለው፣ ሰውዬው ጮኾ ኮሪደሩን አናወጠው፤ ሲወጣም «ውሸታም!» ብሎት ሄደ። የኛ ሰው ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑ ያን ቀን ገባው። ትምህርቱን ቀጠለና መጋረጃው የተዘጋ፣ ጨለም ያለ፣ ማንም የማይጮህበት የራጅ ክፍል ገብቶ ተደላደለ። እዚያ ዕድሉ ቀናው። ቁርጥ ያለ ነገር ባልተናገረ ቁጥር ያሳድጉታል። የክፍሉ ኃላፊ ሲያደርጉት ዳይሬክተሩ በስብሰባ መሀል ተነሥተው «አንድም ቀን ያልተሳሳተ ሐኪም!» ብለው አጨበጨቡለት። እውነታቸውን ነው፤ ምን ብሎ ይሳሳት!

እቤትም ያው ነው። ሊያገባ ሲል አማቱ «ለመሆኑ ልጄን ትወዳታለህ?» ቢሉት፣ «እስካሁን በታየው የሚያግድ ነገር የለም፤ ክትትል ግን ያስፈልጋል» አላቸው። «ወይ መማር!» ብለው ተደንቀው ሰጡት። ሚስቱ የሒሳብ መምህርት ናት፤ እሷ ዘንድ ነገር ወይ ትክክል ነው ወይ ስህተት፣ መሀል ብሎ ነገር የለም። አዲስ ቀሚስ ለብሳ «ያምርብኛል?» ስትለው «እንግዲህ ከብርሃኑ አንጻር...» ሲል ስንቴ በሩን ጠርቅማበት ወጥታለች። «ትወደኛለህ?» ብላ መጠየቅማ ከተወች ቆየች።

ታዲያ አንድ ሰሞን ግራ መንጋጋዋ ከበዳት። ራጅ ስትነሣ ከመጨረሻዋ ጥርስ በታች፣ አጥንቱ ውስጥ፣ ጥቁር ጉድጓድ ታየ። ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው፣ ጠርጎ ማውጣት ይበቃዋል፤ ወይ አጥንት የሚበላ እጢ ነው፣ ግማሽ መንጋጋ ተቆርጦ ይወጣል። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። ላቦራቶሪው «ናሙናው ስላነሰ ከራጁ ጋር ይመሳከር» ብሎ መለሰ። የራጁ ሐኪም ማን ነው? የኛው ሰው። ምን ብሎ ጻፈ? «ከረጢት ሊሆን ይችላል፤ እጢ አይደለም ግን አይባልም፤ ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር ይመሳከር።»

ቀዶ ሐኪሟ፣ የራሱ የቀድሞ ተማሪ፣ ወረቀቱን እያውለበለበች ክፍሉ ገባች።

«እርስዎ ወደ እነሱ፣ እነሱ ወደ እርስዎ! እኔ መሀል ላይ መጋዝ ይዤ ቆሜያለሁ። ቁርጡን ይንገሩኝ፤ አለዚያ ለጥንቃቄ ብዬ እቆርጠዋለሁ።»

«እኔ እንኳ...»

«ደግሞ ምናልባት እንዳይሉኝ!»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ገባችና ሕመምተኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ያቺ በር ጠርቃሚ ሴት ዛሬ በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፤ «ግማሽ ፊቴን ሊወስዱት ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እንደ ሰው ንገረኝ።»

ወደ ምስሉ ዞረ። ጉዱ ያለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ሰውዬው ያውቃል! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። ጉድጓዱ አጥንቱን በቁመቱ ተከትሎ ሄደ እንጂ ወደ ጎን አልገፋውም፤ የጥርሶቹን ሥር አልበላም፤ ጠርዙም ልስልስ ያለ ነው። እንዲህ ያለውን ስንቱን አይቷል፣ ስንቱንስ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ሸኝቷል! በእሱ ምናልባት የተነሣ ለጥንቃቄ ተብሎ የተቆረጠው የስንቱ ፊት ይሆን? ይሄ ትዝ ሲለው አፈረ፤ ቀና ብሎ ሚስቱን ማየት አቃተው።

«ከረጢት ነው» አለ። «እጢ አይደለም። መንጋጋዋ አይቆረጥም።»

ጻፈው፤ ፈረመበትም። ከሰዓት በኋላ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደውላ «ዶክተር፣ ፊርማዎን የሰረቀ ሰው አለ መሰለኝ» አለችው።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደድ ዋለ። በሩን አንኳኩቶ «እባካችሁ ምናልባት የምትለዋን ብቻ ጨምሩልኝ» ሊል አሥር ጊዜ እጁን አነሣ፤ ጥርሱን ነክሶ ተወው። በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሟ ጭንብሏን አውርዳ ወጣች።

«ከረጢት ነው፤ ሙልጭ አድርጌ አወጣሁት። መንጋጋዋ እንዳለ ነው» አለችው። ያ ለስብሰባ ጭብጨባ እንኳ ፊቱን የማይፈታ ሰው፣ ጽዳት ሠራተኞቹ ፊት ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ሲገባ ሚስቱ ነቅታለች፤ አፏ በፋሻ ተጠቅጥቋል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እወድሻለሁ» አላት።

ጠበቀች፤ «ክትትል ግን ያስፈልጋል» የሚል ይከተላል ብላ። ምንም አልተከተለም።

መናገር ስላልቻለች እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና፣ «ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል» እንደ ማለት፣ መዳፏን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችበት፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ይስቅ ነበር።