ቋጣሪው ግንቡን እንዴት እንደያዘ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል። በመስታወት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ባለ አምስት ሚሊ መስታወት ተጭሮ ሳይሰበር ቀርቷል። ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው፤ የቀረው ከሥሩ ቀጭን ጣውላ አስገብቶ በሁለት እጅ ወደ ታች መጫን ብቻ ነበር። የመስታወት ቤቱ ባለቤት “ወገቤን ላሳርፍ” ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ አልተነሣም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ዕድሜው ሃምሳ አራት ዓመት ከሰባት ወር ነበር።

ሰፈሩ ቋጣሪው ይለው ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ ናት፤ የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ መስታወት እንኳ አይጥልም፣ በየልኳ ግድግዳ ላይ አስደግፎ “ይቺ ለፎቶ ትሆናለች” ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሲቆርጥ ሌላ ሰው በለካው ልክ አንድም ቀን ቆርጦ አያውቅም። ደንበኛ ልኩን በወረቀት ጽፎ ሲመጣ ወረቀቱን በአክብሮት ተቀብሎ ኪሱ ይከታል፤ ከዚያ ሜትሩን አንሥቶ አብሮ ይሄዳል። መስኮቱን ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ይለካና ትንሿን ቁጥር ይይዛል። “እንጨት ያብጣል፣ ግድግዳ ይሰምጣል፤ የትናንት ልክ የትናንት ነው” ይል ነበር።

ይህ ሰው በስልኩ ጦር ይመራ ነበር ቢባል የማያውቀው አያምንም። ጨዋታው በኢንተርኔት የሚካሄድ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ከተማ ይቆረቁራል፣ ወታደር ያሠለጥናል፣ ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ የሌሎችን ግንብ ይወጋል። የእሱ ቡድን አሥራ አንድ ሰው ነበረው። አንዱ የሚስቱ ወንድም ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፣ አፉ የማያርፍ። ሌላዋ አንድ ልጁ ናት።

ከልጁ ጋር አሥር ወር ሙሉ በስልክ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። የሒሳብ ትምህርቷን ከመንገድ አቋርጣ፣ ሳትነግረው ሌላ ከተማ ነርሲንግ ገባች። እሱም ሲሰማ “እንግዲያው ራስሽን ቻይ” አላት፤ እሷም ቻለች። ከቡድኑ ግን አልወጣችም። በቻቱ ላይ ስሟ መርፌ ነው። “አለቃ፣ እንጨት ላክልኝ” ትለዋለች፤ እሱም “መርፌ፣ ልኬያለሁ” ይላል። አባትና ልጅ የቀራቸው መንገድ ይህ ብቻ ነበር። ይህን እሱም ያውቀዋል፤ ስልኩን ባትሪ ሳይሞላ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

ችግሩ የመጣው በየካቲት ነው። እሱ የአንድ ሱቅ መስታወት ሊገጥም በወጣበት እሑድ ሾፌሩ ጦሩን አስነሥቶ የሰሜኑን ግንብ ወጋ። በእጁ የነበረው ጠዋት ሰላይ ያመጣው መረጃ ነው። ጠዋት ባዶ የነበረው ግንብ ከሰዓት በኋላ ጢም ብሎ ሞልቶ ጠበቃቸው። በዚህ ጨዋታ የቆሰለ ወታደር በከተማው ሐኪም ቤት አልጋ ካገኘ ይድናል፤ አልጋ ካለቀ ይሞታል። ሾፌሩ ደግሞ አልጋ ቆጥሮ አያውቅም። መርፌ ካሏት 52 ሺህ ወታደሮች 38,400ው ሞቱባት። የዓመት ልፋት ነው። “አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከሆነ ጨዋታውን ከስልኬ አጠፋዋለሁ” ብላ ጻፈች።

ቋጣሪው በማግሥቱ “አንቺ በሚቀጥለው አትወጪም፣ ከተማሽን ጠብቂ” ቢላት፣ “ካልወጣሁ ለምን ገባሁ?” አለችው። ስለዚህ ሌላ መላ አልነበረውም፤ ሰው ሳይሞት ግንቡን መያዝ ነበረበት።

ሦስት ሳምንት ተዘጋጀ። ሕጉ አጭር ነበር። ማንም ሰው ባዶ አልጋው ከሚችለው በላይ ወታደር አይልክም። ጋሻ ያዦች ይቀድማሉ፣ ቀስተኞች ከኋላ ይደርሳሉ። ሰላይ የሚልከው እሱ ራሱ ነው፤ ያውም ሦስት ጊዜ።

“ጋሼ ቋጣሪ” አለ ሾፌሩ በድምፅ መልእክት፣ ከኋላው የአውቶቡሱ ሞተር እያንኮራፋ፣ “ግንቡን ልትወጋው ነው ወይስ መስኮት ልትገጥምለት?”

“አንተ መንገዱን እያየህ ንዳ። ባዶ አልጋህ ስንት ነው?”

“ኧረ ተው፣ እኔ የሆቴል አስተናጋጅ ነኝ እንዴ?”

“ስንት ነው?”

“አራት ሺህ።”

“አራት ሺህ ትልካለህ።”

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጦሩ ተነሣ። ጉዞው አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ቋጣሪው አንድ ተጨማሪ ሰላይ ላከ። በግንቡ ውስጥ 60 ሺህ የነበረው ጦር 130 ሺህ ሆኗል። “ሁላችሁም ተመለሱ” ብሎ ጻፈ።

ቻቱ ተናወጠ። ሾፌሩማ ደሙ ፈላ፤ “ይሄ ሰውዬ ወታደር ሊቀልብ እንጂ ሊዋጋ አልመጣም! ከደጃፍ እንዴት ይመለሳል?” አለ። አንዱ እሺ፣ አንዱ እንቢ ሲል ሰከንዶቹ ነጎዱ። ያኔ መርፌ “እኔ መልሻለሁ” ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ሾፌሩም እያጉረመረመ ተከተለ።

እሑድ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ስቱኮ እያሸ አሰበው። ግንቡ የሞላው ጠላት አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሲመጡ እያያቸው ስለነበር ነው፤ ጎረቤቶቹን ለመጥራት ጊዜ ሰጥተውታል። የተጠራው ጦር ደግሞ ሰንብቶ አይቀመጥም፣ ባለቤቶቹ ለራሳቸው ጉዳይ ይፈልጉታል። እጁን ታጥቦ ጻፈ፤ “ሁላችሁም የከተማ ማዛወሪያችሁን አውጡ፤ ከግንቡ ሥር እንሰፍራለን።” ማዛወሪያ ከተማን ከነጦሩ በአንዴ ወደ ሌላ ቦታ የሚያነሣ ብርቅ ነገር ነው፤ እያንዳንዳቸው ያላቸው አንድ አንድ ብቻ ነበር።

“ቋጣሪው አውጡ አለ?” አለ ሾፌሩ። “ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?”

ስድስት ሰዓት ላይ ሰለለ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሰለለ፣ ለስምንት አምስት ጉዳይ ሰለለ። እንግዳው ጦር ወደየቤቱ ሄዷል፤ የቀረው 61 ሺህ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ አንዱም ከተሞች ከግንቡ ሥር ተተከሉ። አሁን ጉዞው አርባ ሰከንድ ነበር። ፊት የቀደሙት የእሱ ጋሻ ያዦች ናቸው፣ ስምንት ሺህ፤ አንዳቸውም ቆመው አልተመለሱም። ሌላው ጦር ከኋላቸው በሰከንድ ልዩነት ደረሰ። ጠላት ጎረቤቶቹን ለመጥራት ስልኩን ሳያነሣ ግንቡ ተያዘ።

የመስኮት ልክ በሚጽፍበት ደብተር ላይ እንዲህ ይነበባል፦ “ቁስለኛ በጠቅላላው 17,905። ሙት 214፣ ሁሉም የእኔ። አልጋዬን 8,000 ነው ብዬ ነበር፤ 7,786 ነው።”

በቻቱ ላይ ሁሉም የየራሱን ሲያስታውቅ የመርፌ መልእክት መጨረሻ ላይ ገባ።

“ቁስለኛ 1,860። ሙት የለም። አባዬ፣ የአንተስ?”

“ሁለት መቶ አሥራ አራት። በራሴ ጥፋት፣ አልጋ ሳልቆጥር።”

“የሰውን ሁሉ ቆጥረህ የራስህን ረሳህ?”

“ረሳሁ።”

ወዲያው ስልኩ ጠራ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አወሩ። ስለ ሒሳብ ትምህርቱ አንዳቸውም አላነሡም። እሷ ስለ ተግባር ልምምዱ ነገረችው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ እንደምትውል፣ ነጭ ጫማዋ በጎኑ እንደተቀደደና በሙጫ እንዳጣበቀችው።

“በሙጫ?” አለ። “ሙጫ እርጥበት አይችልም። ቁጥርሽ ስንት ነው?”

“ሠላሳ ስምንት። ግን እኮ ላክልኝ ለማለት አይደለም...”

“ታዲያ ምን ለማለት ነው?”

ሳቀች። “እሺ፣ ላክልኝ።”

ሰኞ፣ መጋቢት 11፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ሦስት ጫማ ቤት ገብቶ በመጨረሻው ነጭ፣ ሶሉ ለስላሳ፣ ቁጥር 38 አገኘ። አውቶቡስ ተራው ጋ ሲደርስ የዕቃ መላኪያው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሴት “የሚሰበር ነገር አለው?” አለችው። “ዛሬስ የለውም” ብሎ አድራሻውን በትልልቅ ፊደል ጻፈ፣ የደረሰኙን ቁጥር 0467ን ለልጁ ላከላት፣ አውቶቡሱም ስድስት ሰዓት ላይ ሲወጣ ቆሞ አየው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ መልእክት ገባ፦ “ደረሰኝ። አድርጌው ነው የምጽፍልህ።”